የስሜን ዋልያና የመንዝ ጓሳ፦ የሁለት ጥብቅ ቦታዎች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1978፣ በእኛ አቆጣጠር 1970 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ አንድ ስብሰባ ተካሄደ። የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ነበር። ኮሚቴው ሥራውን ገና መጀመሩ ስለነበር በእጁ አንድም የተመዘገበ ቅርስ አልነበረውም። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን የመጀመሪያዎቹን 12 ስሞች በመዝገቡ አሰፈረ። ከ12ቱ ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው። ሁለተኛው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው።

በተፈጥሮ ሀብትነታቸው ብቻ የተመዘገቡት አራት ነበሩ፦ የኢኳዶር ጋላፓጎስ ደሴቶች፣ የካናዳ ናሃኒ፣ የአሜሪካ የሎውስቶንና የእኛው ስሜን። በበጋ ወራት ልጆቻችንን ይዘን የሎውስቶን ድረስ ሄደን ፍል ውሃውን እያየን የምንደነቅ ሰዎች፣ ስሜን በዚያው ስብሰባ፣ በዚያው መዝገብ፣ ከእርሱ እኩል እንደተጻፈ የምናስታውስ ስንቶቻችን እንሆን?

ይህን ብዬ ለአገሬ የኩራት መዝሙር ላሰማ አልተነሳሁም። ስሜን በዋሽንግተን ሲከበር በራሱ በስሜን ምን ይደረግ እንደነበር ስናይ ኩራቱ ይጎረብጣል። የቀይ ሽብር ደም ገና ባልደረቀበት በዚያው ወቅት፣ ከተራራው ሰሜናዊ ገደል ሥር ይኖሩ የነበሩ ከአንድ ሺህ በላይ ገበሬዎችና ቤተሰቦቻቸው ከቀያቸው በኃይል እንዲነሡ ተደረገ። ፓርኩ «የዓለም ሀብት» ሲባል የአገሩ ሰው ባይተዋር ሆነ ማለት ነው።

ከስሜን በስተደቡብ፣ በመንዝ፣ ሌላ ከፍተኛ ቦታ አለ፤ ጓሳ ይባላል። ሁለቱም ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ ናቸው፤ በሁለቱም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ታሪካቸው ግን የተለያየ ነው። ስሜንን የከለለው ከአዲስ አበባ የወጣ አዋጅ ሲሆን ጓሳን የከለሉት ሣሩን የሚያጭዱት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ከሁለቱ ታሪክ ምን እንማራለን የሚለው ነው የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ።

የዋልያ አገር

ስሜን በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ተከምሮ፣ ቆይቶም በውሃ ተቦርቡሮ የተሠራ አገር ነው። ከሊማሊሞ በላይ ደባርቅን አልፎ ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚሄድ መንገደኛ በስተግራው ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ያያል። ዋልያ የሚኖረው በዚያ ገደል ላይ ነው። በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ዋልያን ወደ ስሜን ያመጣው ቅዱስ ያሬድ ነው፣ መጻሕፍቱንም በእርሱ ያስጭን ነበር የሚል አፈ ታሪክ በአካባቢው ይነገራል። በስሙ የሚጠራ ተራራም እዚያው ይገኛል።

ዋልያን ለአውሮፓ የሳይንስ ሰዎች ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ በስሜን በኩል ተጉዞ ስለነበር እንስሳውን በ1835 በጽሑፍ ገለጸው። ከዚያ በኋላ ባለው መቶ ዓመት፣ ይልቁንም ከጣልያን ወረራ ወዲህ ጠመንጃ በየእጁ ሲበዛ፣ ዋልያው እየተመናመነ ሄደ። ሥጋው ይበላል፤ ቀንዱም ለዋንጫ ይፈለግ ነበር።

በ1963 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባቀረበው ጥሪ ዩኔስኮ የባለሙያዎች ቡድን ላከ። የቡድኑ መሪ የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ሰር ጁልያን ሀክስሊ ነበሩ። ኢትዮጵያ የዱር አራዊቷን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤትና የተከለሉ ፓርኮች እንዲኖሯት መከሩ። በዚያው ዘመን ሌስሊ ብራውን የተባለው የአራዊት አጥኚ ስሜንን ዞሮ ተመልክቶ የቀሩት ዋልያዎች ሁለት መቶ እንኳ እንደማይሞሉ ገመተ። እንግዲህ ነገሩ አጣዳፊ ነበር።

ከ1967 እስከ 1969 የፓርኩ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኖ የሠራው ክላይቭ ኒኮል የተባለ የዌልስ ተወላጅ ነው። በስሜን ያሳለፈውን ዘመን የሚተርክ መጽሐፍ በ1971 አሳትሟል። ኋላ ጃፓን ገብቶ፣ ዜግነቱን ለውጦ፣ በዚያ የተጎዳ ጫካ ሲያለማ ኖሮ በ2020 ዐረፈ። የስሜን ፓርክ በሕግ የታወጀው እርሱ ከሄደ በኋላ በ1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ነው። ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። አዋጁ ሲወጣ በክልሉ ውስጥ መንደሮች ነበሩ። የገብስ ማሳ፣ የግጦሽ መሬት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ የአያት የቅድመ አያት መቃብር ነበረ። ሕጉ በካርታ ላይ መስመር አሰመረ፤ በመስመሩ ውስጥ ማረስ፣ ማገድና መቁረጥ ወንጀል ሆነ። ትናንት ባለርስት የነበረው ገበሬ አንድ ቀን ሲነቃ ሕገ ወጥ ሰፋሪ ሆኖ ተገኘ። የት ይሂድ? ምን ይብላ? ለዚህ መልስ የሰጠው አልነበረም።

ለሐቁ ሲባል ሌላውንም ወገን መናገር ያሻል። የመሬቱ መጎዳት የፈረንጆች ፈጠራ አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የፓርኩ ኃላፊ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሀንስ ሁርኒ የስሜንን አፈር አጥንቶ፣ በተዳፋት ላይ ሲታረስ የኖረው መሬት ምን ያህል አፈር በጎርፍ እንዳጣ አሳይቷል። ገበሬው ሲበዛ ማሳው ወደ ላይ ይወጣል፤ ማሳው ሲወጣ አፈሩ ይወርዳል። ፓርኩ ባይከለል ኖሮ ዋልያ ዛሬ በሥዕል ብቻ የምናየው እንስሳ ሆኖ ይቀር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ በኃይል የተጠበቀ ነገር ኃይል ሲደክም ይበተናል። በ1980ዎቹ ስሜን የጦር ሜዳ ሆነ። ጠባቂዎቹ ሸሹ፤ የፓርኩ ሥራ ቆመ። ተነሥተው የነበሩትም ወደ ቀያቸው ተመለሱ። ማን ይፈርድባቸዋል? በ1996 ዩኔስኮ ስሜንን «በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ከሚባለው መዝገብ አስገባው። የዋልያው ቁጥር መቀነስ፣ የሰውና የከብት ብዛት፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ምክንያት ሆነው ቀረቡ።

ከዚያ መዝገብ ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀ። የፓርኩ ወሰን እንደገና ተሰምሮ በዳር ያሉ መንደሮች ከክልሉ ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ስፋቱ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አደገ። በፓርኩ እምብርት ላይ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ እስከ 2016 ድረስ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ከተማ ገባ። በዚህ ጊዜ እንደ ደርግ ዘመን በጠመንጃ አልነበረም፤ ድርድርም ካሳም ነበረ። ሆኖም ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው የካሳ ገንዘብ ይዞ ከተማ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው፣ እኛ በሰው አገር ኑሮን እንደ አዲስ የጀመርን ሰዎች ለመገመት አያቅተንም። በዓመቱ፣ በ2017፣ ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ጓሳና ቄሮ

አሁን ወደ መንዝ እንሻገር። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ፣ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ውርጫማ ሜዳ አለ። ከምሥራቁ አፋፍ ቆመው ሲመለከቱ ቆላው ከሥር ይታያል። የሜዳው ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጅብራው በጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። ስሙን ያገኘው ሜዳውን ከሸፈነው ሣር ነው። ጓሳ ማለት ሣሩ ነው።

ከተማ ለተወለደ ሰው ሣር ሣር ነው። ለመንዜ ግን ጓሳ ቤት ነው። ክዳን የሚከደነው በጓሳ ነው፤ በደንብ የተከደነ ቤት ዝናቡን ለብዙ ዓመት ይመክታል። ገመድ ይገመድበታል። እረኛው በክረምት የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል። ድርቅ በመጣ ጊዜ ደግሞ የከብቱ የመጨረሻ መሸሸጊያ ያ ሜዳ ነው። ይህ ጸሐፊ ያደገው በጓሳ ክዳን ሥር ነው። ዝናብ ሲመታው የሚሰማውን ድምፅ ቆርቆሮ አይተካውም።

ታዲያ ይህን ያህል የሚፈለግ ሣር እንዴት እስከ ዛሬ ተረፈ? የመንዝ አባቶች መልስ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነው። (ዛሬ በሌላ ትርጉም ከሚታወቀው ቃል ጋር አይምታታብን።) ሥርዓቱ የተጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። አገሩን ያቀኑት አባቶች አስቦና ጌራ ይባላሉ። የእነርሱ ዘር የሆነ ሁሉ በአፅመ ርስት ደንብ ከጓሳው የመጠቀም መብት አለው። ተጠቃሚዎቹ ከአስቦ ወገን አንድ፣ ከጌራ ወገን አንድ አለቃ ይመርጣሉ። አለቆቹም ሜዳው መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ይወስናሉ።

ሜዳው ሲዘጋ የሚዘጋው ለአንድ ክረምት ብቻ አልነበረም። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማጭድም ከብትም አይገባበትም ነበር። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ በተራው ወጥቶ የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት። ሕጉን የተላለፈ ይቀጣል፤ ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም። ሣሩ ደርሷል ሲባል በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገርና የመክፈቻው ቀን ይቆረጣል። በዚያ ቀን ሁሉም እኩል ይገባል፤ አስቀድሞ የሚያጭድ የለም። ሣሩ ከታጨደ በኋላ ከብቱ ይለቀቃል። ክረምቱ ሲገባ ሜዳው እንደገና ይዘጋል፤ ቀኑም የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ሐምሌ 5 ነው። የዘመን መቁጠሪያው የቤተ ክርስቲያን፣ ሕጉ የሕዝብ፣ ጠባቂው ተጠቃሚው ራሱ ነበር።

ይህን ሥርዓት በጥልቀት ካጠኑት ኢትዮጵያውያን መካከል ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊ ይገኙበታል። ጥናታቸው ለዓለም ያሳየው ነገር ቢኖር፣ የጋራ መሬት ባለቤት ስለሌለው ይጠፋል የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ነው። ጓሳ የጋራ ነበር እንጂ ባለቤት አልባ አልነበረም።

የሚያስደንቀው ደግሞ መንዜዎቹ ሜዳውን የዘጉት ለቀይ ቀበሮ ብለው አለመሆኑ ነው። ለክዳናቸውና ለከብታቸው ብለው ነው። ሣሩ ሲጠበቅ ግን አይጡና ፍልፈሉ ተጠበቀ፤ እርሱ ሲጠበቅ እርሱን አድኖ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ተጠበቀ። በመላው ዓለም የቀረው አካለ መጠን ያደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፤ ሁሉም ያለው በኢትዮጵያ ነው። ከ2005 ጀምሮ ጓሳ ላይ ጭላዳ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ተረጋግቶ እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል፤ ግልገሎቹን አይነካም፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ለብቻው ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ በመንጋው መካከል ሲሆን ግን ከሦስት ሁለቱ።

የ1967 አዋጅና ከዚያ ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በዚያ ቀን አደባባይ ወጥቶ ያልጨፈረ ወጣት ጥቂት ነው። ለሚሊዮን ጭሰኞች ያ አዋጅ ፍትሕ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አልክደውም። ጓሳ ላይ ግን ያው አዋጅ ሌላ ነገር አደረገ። ርስት ሲሻር ቄሮም አብሮ ተሻረ። አለቆቹ የአሮጌው ሥርዓት ሰዎች ተባሉ፤ ሜዳው ለገበሬ ማኅበራት ተሰጠ። ትናንት የአስቦና የጌራ ልጆች የነበረው የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም ሲሆን ጠባቂ አጣ። ጊዜውን ጠብቆ የሚያጭድ ቀረ፤ እኔ ካላጨድኩ ሌላው ያጭደዋል የሚል ሩጫ መጣ። ሣሩም ቁጥቋጦውም ተጎዳ።

ቄሮን እንደ ገነት ዘመን ማውራት ግን አይገባም። መብቱ በዘር የተወሰነ ነበር። ከአስቦና ከጌራ ያልተወለደ ሰው፣ ጎረቤት ሆኖም ቢሆን ቆሞ ያያል እንጂ አያጭድም። አዋጁ የነካው እውነተኛ ቁስል ነበር። ስሕተቱ ግፉን ከጥበቡ ሳይለይ ሁለቱንም በአንድ ላይ መጣሉ ነው።

የመንዝ ሰዎች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በጓሳ የሚጠቀሙት ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ ጠባቂ መደቡ። የቀድሞውን መዝጋትና መክፈት መለሱት፤ የዘሩን ጉዳይ ግን ተዉት። አዲሱ መብት በትውልድ ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ። ከ2000ዎቹ ጀምሮ የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ ደገፋቸው፤ ሩፔል ከወጣባት ከተማ የመጣ እርዳታ መሆኑ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው። የክልሉ መንግሥትም ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎ በሕግ ዕውቅና ሰጠው። ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ቤትም ተሠራ።

ባለቤቱ ማነው?

አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ስሜን አዋጅ ነበረው፤ የዓለም መዝገብ ነበረው፤ የውጭ ባለሙያና ገንዘብ ነበረው። ያጣው የአካባቢውን ሰው ልብ ነው። ጓሳ ለብዙ መቶ ዓመታት ይህ ሁሉ አልነበረውም፤ የነበረው የተጠቃሚው ቃል ኪዳን ብቻ ነበር። ቃል ኪዳኑ በአንድ አዋጅ ሲፈርስ ደግሞ ያለ ሕግ ከለላ ብቻውን መቆም እንደማይችል ታየ። ስሜን የሚያስፈልገው የጓሳን ቃል ኪዳን ነው። ጓሳም የሚያስፈልገው ስሜን ያገኘው የሕግ ጋሻ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስለን። የሎውስቶን በ1872 ሲከለል በዚያ ይኖሩና ያድኑ የነበሩት የሾሾኒ ሰዎች ከቦታው እንዲወጡ ተደርጓል። ዛሬ ጎብኚው የሚያየው «ሰው ያልነካው ተፈጥሮ» ሰው እንዲወጣ የተደረገበት ነው። ስሜን ሲከለል የተወሰደው ንድፍ ከዚያ የመጣ ነበር። እኛ ደግሞ በቤታችን የራሳችን ንድፍ እያለን፣ በመንዝ ሜዳ ላይ ሦስት መቶ ዓመት ሲሠራ የኖረውን ዘወር ብለን አላየነውም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። በ2010ዎቹ አጋማሽ ከ800 በላይ ደርሶ የነበረው የዋልያ ቁጥር ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ እንደገና እያሽቆለቆለ መጥቷል። ክልሉ ሰላም ባጣ ቁጥር ጠባቂው ከገደሉ ይርቃል፤ ጥይቱ ይቀርባል። ጠባቂ በሸሸበት ቀን ዋልያን ሊያተርፈው የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የአካባቢው ገበሬ «ይህ የእኔ ነው፤ አይነካም» ማለቱ ነው። ያን ቃል በደመወዝ መግዛት አይቻልም። ከቀዬው ያፈናቀልከውን ሰው ደግሞ ያን ቃል ልትጠይቀው አትችልም።

እኛ በውጭ ያለን ሰዎች ለአገራችን ተፈጥሮ የምንቆረቆር ከሆነ፣ ገንዘብ ስናዋጣም ሆነ ስንሟገት አንድ ጥያቄ አስቀድመን እንጠይቅ፦ በዚህ ቦታ ዳር የሚኖረው ሰው ምን ያገኛል? ለግጭ ተፈናቃይ ልጆች የሙያ ትምህርት መደገፍ ዋልያን መደገፍ ነው። አገር ቤት ስንሄድ ወደ ጓሳ ጎራ ብሎ በማኅበረሰቡ ማረፊያ ማደር ቀይ ቀበሮን መደገፍ ነው።

አባቶቻችን ሐምሌ 5 ቀን ሜዳውን ዘግተው ሲመለሱ አጥር አላጠሩበትም። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ማን አጥሮ ይችላል? የታመኑት በጎረቤታቸው ዓይን ነበር። ሣሩም ይደርስ ነበር።